ደረት ላይ ያረፉ እጆች

የክበባችንን ሕግ አስቀድሜ ልናገር። ሕጉን ያላወቀ ሰው ጥፋታችንን እንደ ተራ ስህተት ሊያልፈው ይችላል፤ እኔ ደግሞ እንዲታለፍ አልፈልግም።

የአእዋፍ ክበባችን በየወቅቱ አንድ ማለዳ ተሰብስቦ ከከተማው ዳር ያለውን ሐይቅ በእግሩ ይዞራል። መሪው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። መሪው የወፍ ድምፅ ሲሰማ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ያን ጊዜ ሁሉም በቆመበት ይደርቃል፤ ማሳል የለም፣ መጠየቅ የለም። ድምፁን የሰማ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ያልሰማ እንደተንጠለጠለ ይተወዋል። ከመሪው ሌላ የአንድ ሰው እጅ እንኳ ደረት ላይ ካረፈ ወፏ «ተሰምታለች» ይባልና፣ በዙረቱ መጨረሻ በሐይቁ መግቢያ በር አጠገብ በቆመው ክዳን ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሟ በጠመኔ ይጻፋል። ፎቶ አይነሳም፣ ድምፅ አይቀረጽም። ሕጉን ያወጡት መሪያችንና ሟች ሚስቱ ናቸው። «መሣሪያ የያዘ ሰው የሚያየው መሣሪያውን ነው» ትል ነበር ይባላል፤ እኔ አልደረስኩባትም።

ነገሩ የጡረተኞች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ብዕሬን አላነሳም ነበር። ግን አልነበረም። ከሐይቁ ማዶ ሰፊ ሸምበቆ አለ። በሸምበቆው ልብ ውስጥ እኛ «መርፌ» የምንላት ወፍ ትኖራለች። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም ይላሉ፤ ጎጆዋ እንዳይረበሽ ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ስለሆነ በዓይኔ አየኋት የሚል ሰው የለም። ያለችው በድምፅዋ ነው፤ ቀጭን፣ ሹል፣ ጨርቅ በስቶ እንደሚያልፍ መርፌ ወዲያው የሚጠፋ ድምፅ። የሸምበቆው ሥር ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ በየወቅቱ ትጮኻለች። ውሃው ሲሸሽ ግን ሸምበቆው ገና አረንጓዴ ሳለ እሷ ዝም ብላ ትሄዳለች። የከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት ከክበባችን ጋር የተስማማው ለዚህ ነው። ወደ ሐይቁ የሚመጣውን ወንዝ ለእርሻውና ለሸምበቆው የሚያካፍል አንድ የብረት በር አለ። የመርፌ ስም ሰሌዳው ላይ እስካለ ድረስ በሩ ወደ እርሻው እንደዞረ ይቆያል፤ ስሟ የጠፋ ዕለት ወደ ሸምበቆው ይዞራል። የጽሕፈት ቤቱ ሰው በብስክሌት ይመጣል፣ ሰሌዳውን ያነባል፣ ይሄዳል። እንግዲህ የሸምበቆው ሕይወት የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ነበር።

የዚያ ሰው ጆሮ ደግሞ እየሞተ ነበር።

መሪያችን ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። እኩያው ከሆነው ከዳኛው በቀር ሁላችንም «ጋሼ» እንለዋለን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልቡን ይዞት የቀረው ይህ ዙረት ብቻ ነው። እሷ የሰፋችለት ሰፊ ጠርዝ ያለው የጨርቅ ባርኔጣ አለው፤ የመሪነቱ ምልክትም እሱ ነው። «ጆሮዬ የከዳኝ ቀን ይቺን ባርኔጣ አውልቄ ለሌላ አስረክባለሁ» ማለቱን የማያውቅ የክበቡ አባል የለም። ይህን ቃል ባይናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ እላለሁ አንዳንዴ። ሰው በገዛ ቃሉ ታስሮ ሲቀር፣ ገመዱን የሚፈታለት ሳይሆን ገመዱን እንዳላየ የሚያልፍ ወዳጅ ነው የሚበዛው።

እኔ ክበቡን የተቀላቀልኩት በሐኪም ትእዛዝ ነው። እንጀራዬ ጋዜጣ ላይ መሟገት ነው፤ የደም ግፊቴን የለካው ሐኪም «ወይ ክርክሩን ተው፣ ወይ በእግርህ መሄድ ጀምር» አለኝ። መሄዱ ቀለለኝ።

የመጀመሪያ ዙረቴ ዝናቡ ባባራበት ሰሞን ነበር። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ጋሼ ከፊት በምርኩዙ ጤዛውን እያራገፈ ይሄዳል፤ ከኋላው በጡረታም ችሎት ላይ የተቀመጠ የሚመስለው ዳኛ፤ ከሱ ቀጥላ እትዬ የምንላት ልብስ ሰፊ፤ ከሷ ኋላ ማለዳውን ለእግሩ፣ ቀሪውን ቀን ለመኪናው የሚሰጥ ባለታክሲ፤ መጨረሻ እኔ። ዋኔን ከእርግብ በድምፅ ለየሁ ብዬ ስኩራራ እትዬ ዞር ብላ፣

«ጎሽ! በሚቀጥለው ደግሞ ዶሮን ከበግ ትለያለህ» አለችኝ።

ሸምበቆው ጋ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጋሼ አንድ እግሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ እጁን አነሳ። ቆምን። የዳኛው እጅ ወደ ደረቱ ሄደ፤ በእርጋታ፣ ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው። ቀጥሎ የእትዬ። ቀጥሎ የባለታክሲው። እኔ የሰማሁት ሸምበቆው እርስ በርሱ ሲፋተግ ብቻ ነው። እጄን ተንጠልጥላ ተውኳት።

«አይዞህ፣» አለኝ ዳኛው መንገድ ስንቀጥል፣ «ጆሮህ ገና ጥሬ ነው። በጋዜጣ ጩኸት የደነዘዘ ጆሮ በአንድ ቀን አይገራም።»

«እርስዎ በደንብ ሰሟት?»

«እጄን አላየህም?»

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ፤ ዳኛ ነውና የለመደው ነው። ሰሌዳው ጋ ስንመለስ ጋሼ በዚያ ባማረ የመምህር እጁ ከወፎቹ ሁሉ በላይ «መርፌ» ብሎ ጻፈ።

በብርዱ ወቅት ሐይቁ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ቁራ ከራሳችን በላይ ጮኸ፤ ሁላችንም ቀና ስንል ጋሼ ምርኩዙን እያየ ይሄዳል። ትንሽ እንደሄድን ባለታክሲው «ጋሼ! ጉድጓድ! ጋሼ!» እያለ ተጣራ፤ ባይሰማው ጊዜ ሮጦ እጅጌውን ጎተተ።

«አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ» አለ ጋሼ ፈገግ ብሎ።

አላየውም። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩና መሬት መሬት አዩ። ሸምበቆው ጋ ስንደርስ ደግሞ እግሩ ድንጋዩን ሳይነካ እጁ ወጣ። ይህን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፦ እግሩ ገና አየር ላይ ነበር። እጁን ያነሳው ድምፁ ሳይሆን ቦታው ነው። የዳኛው እጅ ወደ ደረቱ፣ የእትዬ፣ የባለታክሲው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ይዤ የራሴን ልብ ምት ሰምቼ ተመለስኩ።

ምናልባት ችግሩ የኔ ይሆናል ብዬ ጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «ጆሮህ ደህና ነው፤ በጣም ቀጭን ድምፅ ላይ ብቻ ይደክማል» አለኝ። «ዕድሜ መጀመሪያ የሚሰርቀው ቀጭኑን ነው።» ተጽናናሁ። መርፌ አለች፣ እኔ ነኝ የማልሰማት፣ ጋሼም እንደኔ አይሰማትም፣ ሌሎቹ ግን ይሰሟታል። ነገሩ በጭንቅላቴ ውስጥ በዚህ መልክ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ንዴቴም ማረፊያ አገኘ። እነዚህ ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ሰዎች አንድ የማይሰማ ሽማግሌ ከፊት አስቀድመው ለምን ዝም ይላሉ?

ሐሩሩ ሲገባ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆነ፤ ሣሩ፣ አቧራው፣ ሸምበቆውም። በሐሩር ምን የማይገረጣ አለና ማንም ልብ አላለውም። ደግሞም ሸምበቆው ጋ ዓይን ሥራ የለውም፤ ሕጋችን ጆሮን ነው የሚያምነው። ጋሼ እጁን አነሳ፣ እጆች ደረት ላይ አረፉ፣ መንገድ ቀጠልን። ሆን ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁና እትዬን ጠበቅኋት።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሰማሻት?»

«ማንን?»

«መርፌን ነዋ!»

ግራ ቀኝ አየች። «ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ማን ይሰማል? ጋሼ?»

ሳቋ አመለጣትና ወዲያው አፏን ያዘች። «አንተ ምላስህን ውሻ ይላሰው! … አልሰማኋትም። በኪሮሽና በመኪና ስፌት መሃል ያረጀሁ ሰው፣ ምን ጆሮ ቀርቶኝ ነው።»

«ታዲያ እጅሽን ምን አስነሳሽ?»

«ጋሼ አነሳዋ! ዞር ብሎ ያየናል እኮ። የአንዳችንም እጅ ደረት ላይ ካላገኘ ምን ሊሆን ነው? እዚያው ባርኔጣውን አውልቆ እዚያው መሞቱ ነው። ሚስቱን ቀብሮ ስንት ጊዜው ነው? ደግሞ ዳኛው ይሰማል። ለሕጉ አንድ እጅ ይበቃል አይደል? የኔ እጅ ለጋሼ ነው፣ የዳኛው ለሕጉ።»

«ይሄ ውሸት ነው፣ እትዬ።»

«ይሉኝታ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አንተ ጋ የለውም» አለችና ፈጥና ሄደች።

የደም ግፊቴ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሲነሳ እኔ አልችልም። ሰው ሁሉ እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል፤ ልጆቻችንን እሱን ጠጥተው እንዲያድጉ እናደርጋለን፤ ማንም የማይፈልገውን ነገር ሁሉም ተስማምቶ የሚሸከምበት ቀንበር መሆኑን ግን አንናገርም። ሸክሙ ለሚከበረው ሰው ነው ይባላል። እስቲ ያ የሚከበረው ሰው ይጠየቅ! ለብቻው፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው።

እንዲህ እየነደድኩ በማግስቱ የጋሼ ልጅ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ዙረት ላይ አንድም ቀን አልመጣችም። ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ለአንዲት አሮጊት የሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳች ነበር። አሮጊቷ እስክትሄድ እንኳ አልጠበቅኩም።

«አባትሽ አይሰማም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የሽሮፑን ጠርሙስ በእርጋታ ከረጢት ውስጥ ከታ ለአሮጊቷ ሰጠች። «ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ እማማ» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«የቤቴን ወሬ ለኔ ልትሸጥልኝ ነው የመጣኸው?»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው።»

«አብሬው ነው እኮ የምኖረው። ሬዲዮው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ማንቆርቆሪያው ተንተክትኮ ውሃው አልቆ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘዋለሁ። ‹አባዬ ራትህ› ስለው ‹እሱማ ዘነበ› ይለኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከተነጋገርነው ባርኔጣውን ያወልቃል። ባርኔጣውን ካወለቀ ከቤት የሚያወጣው ነገር የለም። እናቴን እኮ ሁለተኛ እንደመቅበር ነው የሚሆንበት። አንተ ደግሞ ማን ነህ? ትናንት መጥተህ…»

«ትናንት የመጣ ሰው ነዋ የሚያየው! እናንተማ ለምዳችሁታል!» ጮኽኩ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ዞሩ።

የጋሼ ልጅ ፊቴን አየችው። «ግፊትህን ልለካልህ?» አለችኝ። ወንበር ሳበችልኝ። ክንዴን እያሰረች፣ ወደ ታች እንዳቀረቀረች፣ «ማታ እነግረዋለሁ» አለች። «ከኔ ይስማው። ካንተ ከሚሰማው።»

የነገረችው ለት የሆነውን አላውቅም፤ የቤት ነገር ነው። የማውቀው የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ወርደው ለአራተኛው ዙረት ስንሰበሰብ ጋሼ ከልጁ ጋር መምጣቱን ነው። ባርኔጣውን ወትሮ ከሚያደርገው ዝቅ አድርጎ እስከ ጆሮው ደፍቶታል። ልጁ ክንዱን ይዛለች።

ባለታክሲው ከኋላ ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጋሼ ዛሬ ፊቱን ደብቋል፤ ባንክ ሊዘርፍ ነው እንዴ?» አለ።

ጋሼ ዞር ብሎ፣ «ባንክ ዛሬ ዝግ ነው» አለው።

ባለታክሲው አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ እልል ልትል ምን ቀራት! ጋሼ የባርኔጣውን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ከጆሮው ጀርባ የተቀመጠችውን ትንሽ መስሚያ አሳየንና መልሶ ሸፈናት። እንደ ልጅ እያፈረ፣ እንደ ልጅ እየተደሰተ። መንገድ ስንጀምር በየእርምጃው ይቆማል። ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይሰማል። የባለታክሲውን ጫማ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቶ ይስቃል። ዓሣ አጥማጁ ወፍ ገና ከማዶ ሲጮህ የጋሼ እጅ ወደ ላይ ወጣ፤ ያን ቀን እሱ እጁን ሲያነሳ ሁላችንም በእውነት ሰማን። ልጁ ሌላ አቅጣጫ እያየች ዓይኗን ጠረገች። እኔም፣ መቼም ሰው ነኝና፣ ይኸው፣ አልኩ በልቤ፤ እውነት ስትነገር ማንም አልሞተም። የድል ስሜት ይዞኝ ነበር። ወደ ሸምበቆው የሄድኩት በዚህ ስሜት ነው።

ጋሼ ድንጋዩ ላይ እግሩን አሳረፈና ቆመ። እጁን አላነሳም። ራሱን ዘንበል አድርጎ ማዳመጥ ብቻ ጀመረ።

ከኋላው ግን የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅምና፣ መሪው ሲቆም አይቶ የዳኛው እጅ ወደ ደረቱ ሄደ። የእትዬ እጅ ተከተለ። የባለታክሲው እጅ ተከተለ። ሦስቱም አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ በዚያ በለመዱት ጨዋ ጸጥታ ቆሙ።

ጋሼ ጣቱን ወደ ጆሮው ልኮ መስሚያዋን ነካካት። እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ዞረ።

እጆቹን አየ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነበር፤ አዲሷም መስሚያ ከዳችኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ልጁ ተመለከተ። የሷ እጆች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ይህችን ድምፅ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ነው የለመደቻት፤ ጆሮዋም ጆሮ ነው።

«አባዬ፣» አለች፣ «ምንም የለም።»

«እጄን አላነሳሁም» አለ ጋሼ።



«ዛሬ እኮ እጄን አላነሳሁም!» ወደ ዳኛው ዞረ። «ዳኛ። ምን ሰማህ?»

የዳኛው እጅ ደረቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ የሚያወርድበትን መንገድ ያጣ ይመስላል። «እንደ ወትሮው ነው፣ መምህር…»

«ወትሮ ምን ነበር የምትሰማው?»

 ዕድሜውን ሙሉ ምስክር ሲያፋጥጥ የኖረው ዳኛ እንደ ምስክር ቆመ። «አንተ ትሰማለህ ብዬ ነው» አለ። «እኔ ከድሮም ቀጭኑን አልይዝም። እትዬ ደግሞ ትሰማለች ብዬ…»

«እኔ?» አለች እትዬ። «እኔ እርስዎን ብዬ አይደል እንዴ!»

ሁሉም ወደ ባለታክሲው ዞሩ። «እኔን አትዩኝ» አለ። «እኔ እናንተን ነው የማየው።»

«እኔ ደግሞ፣» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ፣ «አለመስማቴን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። እጄን አንስቼ ዞር እላለሁ፣ እጃችሁን አያለሁ፣ ‹እሰይ፣ አለች፤ እኔ ነኝ እንጂ የጠፋሁት እሷ አለች› እላለሁ። እናንተ የኔን እጅ አይታችሁ፣ እኔ የናንተን እጅ አይቼ…»

ከዚያ የገዛ ሕጉን ጣሰ። ከድንጋዩ ወርዶ የሸምበቆውን ግንድ በክንዱ ገለጠና ገባ። ልጁ «አባዬ!» ብላ ተከተለችው፤ እኛም ተከተልን። ከውጭ የዝናቡ ጠብታ ያጠበው ቅጠል አረንጓዴ ይመስላል። ውስጡ ግን ሲነኩት የሚሰበር ገለባ ነበር። ጋሼ ምርኩዙን ከፍ አድርጎ በሸምበቆው ሥር ወጋው። ድሮ ከዳሩ እንኳ ሲወጋ እስከ እጀታው ይሰምጥ እንደነበር ልጁ በኋላ ነግራኛለች። ምርኩዙ ኳ አለ። ደግሞ ወጋው፤ ኳ። የዝናቡ እርጥበት ከላይ እንደ ቅባት ተቀብቶ ነበር እንጂ፣ ከሥሩ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የተጋገረ ጡብ ሆኗል።

ያን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። ማንም እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም።

 ጋሼ ደንቆሯል ብዬ በየቦታው ስጮህ፣ ወፏ ራሷ ትኖር እንደሆነ የጠየቅሁት ሰው የለም። ሐቀኛ ነኝ ባዩም፣ ይሉኝተኞቹም፣ ሁላችንም የሽማግሌውን ጆሮ ስናይ ሸምበቆውን አላየነውም። ሐሩሩን ሙሉ የጽሕፈት ቤቱ ሰው በብስክሌቱ መጥቶ «መርፌ» የሚለውን አንብቦ፣ ሸምበቆው ጤነኛ ነው ብሎ፣ ውሃውን ወደ እርሻው እንደዞረ ትቶት ሄዷል። ምን በወጣው! የጻፍንለትን ነው ያነበበው።

ወደ ሰሌዳው ተመለስን። ያለፈው ዙረት ጽሕፈት ዝናቡ ግማሹን አጥቦት ነበር፤ «መርፌ» ግን ከላይ፣ ከሰሌዳው ክዳን ሥር ስለሆነች፣ እንዳለች ናት። ጋሼ በመዳፉ አበሳት።

«እንግዲህ፣» አለ ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «‹ዛሬ አልተሰማችም› ብለን እንጻፍ። እውነት ነው። በሩም ይዞራል። ማንም አይነካም።»

«‹ዛሬ›?» አልኩ። «‹ዛሬ› የምትለዋ ቃል እኮ ናት ውሸቷ! ትናንት ነበረች ማለት ነው እኮ! የሞተን ሰው ‹ዛሬ አልተነሳም› ብሎ እንደመጻፍ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ አንዴ እንኳ ሳትጮህ…»

«ልጩህ! እስካሁን ዝም ብለን ያተረፍነው ይኸው!»

«ተዉ» አለ ጋሼ።

ተውን። ጠመኔውን ወሰደ። ጽሕፈቱ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር፤ ያ ነው ያንገበገበኝ። «መርፌ አልተሰማችም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አናውቅም» ብሎ ጻፈ። ከሱ ሥር «ሳትሰማ ተሰማች ብሎ የጻፈው መሪው ነው» ብሎ ነጥቡን አደረገ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ በሰሌዳው ማዕዘን ላይ ሰቀላት። መላጣው ላይ ካፊያው መውረድ ጀመረ። መስሚያዋ ከጆሮው ጀርባ ለሁሉም ታየች።

ዳኛው ሰሌዳውን አነበበ። ቀርቦ ጠመኔውን ከጋሼ እጅ ተቀበለ። ከመጨረሻዋ መስመር ላይ ያለችውን ነጥብ በጣቱ አጥፍቶ፣ በማያምር ጽሕፈት፣ «እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን የመሰከርንለት ደግሞ እኛ ነን» ብሎ ጨመረ። እኔን ሳያየኝ ጠመኔውን አስቀመጠ። ያን ሰው ከዚያ ወዲህ ስሙን በክፉ አላነሳሁም፤ አሁን ካነሳሁት በቀር።

የብረቱ በር ዞረ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው አንብቦ አልተቆጣም፣ አልጠየቀም፤ ብስክሌቱን አዙሮ ሄደ። ዝናቡን ሙሉ ውሃ ወደ ሸምበቆው ገባ።

ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ተሰበሰብን። ያለ መሪ አይኬድምና እትዬ ባርኔጣዋን ከሰሌዳው አውርዳ ለጋሼ ልጅ ዘረጋችላት።

«እሷ እዚያው ትሰቀል» አለች ልጅቷ። «እመራለሁ። ግን አንድ ሕግ እጨምራለሁ። ስንቆም ሁላችሁም ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። አንዱ የሌላውን እጅ ማየት የለም። ሰሌዳው ጋ ስንደርስ እያንዳንዱ በአፉ ይናገራል።»

«ዓይን ጨፍኖ መቆም ለኔ ዕድሜ መውደቅ ነው» አለ ዳኛው።

«እኔን ይደገፉ» አለው ባለታክሲው። «ሒሳብ አላስከፍልዎትም።»

ሐይቁ ሞልቷል። ጋሼ ያለ ባርኔጣ፣ ከመጨረሻ፣ ከኔ ጎን ይሄዳል። በመንገዱ ሙሉ በምርኩዙ እርጥቡን መሬት ይወጋል። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ልጁ እግሯን እናቷና አባቷ ያሳርፉበት በነበረው ቦታ ላይ አሳርፋ «ጨፍኑ» አለች። ጨፈንን። ነፋስ የለም። ከጎኔ የጋሼን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ከሸምበቆው ሥር ደግሞ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ይተሻሻል። ጠበቅን። የልጅቷ «ግለጡ» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ብዙ ቆየን፤ ማንም አላሳለም።

ሰሌዳው ጋ ጠመኔዋን ይዛ ተራ በተራ ጠየቀችን።

«አልሰማሁም» አለ ዳኛው።

«አልሰማሁም፣ ልጄ» አለች እትዬ።

«አልሰማሁም።» ባለታክሲው።

«አልሰማሁም» አልኩ እኔም። ይህን ቃል ዓመቱን ሙሉ ልናገር ስሟገትለት ኖሬ፣ ስናገረው እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«አባዬ?»

ጋሼ ወደ ሐይቁ ማዶ እያየ ነበር። «ውሃ ሰማሁ» አለ።

ልጁ ትንሽ አሰበች። የዋኔውን፣ የዳክዬውንና የዓሣ አጥማጁን ስም ከታች ጻፈች። ከላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ድሮ የመርፌ ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወችው። ከባዶው ሥር «ውሃ» ብላ ጻፈች።

ውሃ የወፍ ስም አይደለም ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። እትዬ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ዘጋሁት።